ሲሠራ የቆየው ኪኒን ለምን አቃተው?

ጥያቄ፦ እናቴ ሲጋራ አጭሳ አታውቅም። የሳንባ ካንሰር ተገኘባትና ጌፊቲኒብ የሚባል ኪኒን ጀመረች። ሳሉ ጠፋ፤ ተሽሏት ገበያ መውጣት ጀመረች። ዓመት አልፎ ሳሉ ተመለሰ። ሲቲ ስካኑም ዕጢው አድጓል አለ። አንድም ቀን አላዛነፈችም። መድኃኒቱ ተበላሽቶ ይሆን? ዘመድ ደግሞ «ኪኒኑን ተይና ጠበል ግቢ» ይላታል። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ጥፋቱ የእርስዎም የእናትዎም አይደለም። ኪኒኑ በሥርዓቱ እየተዋጠም ይህ ይመጣል።

ጌፊቲኒብ የሚሠራው ኢጂኤፍአር የተባለው ዘረመል በተለወጠበት ካንሰር ላይ ነው። ለውጡ በማያጨሱ ሰዎች፣ በተለይም በሴቶች ላይ ይበዛል። ኪኒኑ «ተባዛ» የሚለውን ትእዛዝ ይዘጋል፤ አብዛኛው የካንሰር ሴልም ይሞታል። ጥቂቶቹ ግን መባዛታቸውን ገታ አድርገው ያደፍጣሉ። ከእነዚህ ውስጥ የግንድ ሴል ጠባይ ያላቸው አሉ፤ ራሳቸውን ይተካሉ፣ ሌላ የካንሰር ሴልም ይወልዳሉ። የጤፍ ማሳ ሲታረም ከአፈር ሥር እንደቀረ ሰርዶ ናቸው። ሲቲ ስካን አያያቸውም። ውለው አድረው ኪኒኑን የሚያልፉበት መንገድ ያገኛሉ።

መንገዱ አንድ አይደለም። ጌፊቲኒብ ከወሰዱ በኋላ ካንሰሩ ካገረሸባቸው ሰዎች በግማሽ ያህሉ ላይ ቲ790ኤም የሚባል ተጨማሪ ለውጥ ይገኛል። አንዳንዱ ሜት የተባለውን ዘረመል ያበዛል። ጥቂቱ ደግሞ ጭራሽ ወደ ሌላ ዓይነት የሳንባ ካንሰር ይለወጣል፤ ያኔ ኬሞቴራፒ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሐኪሟን «አዲስ ናሙና ይወሰድ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ደምም ሊመረመር ይችላል፤ ደሙ ላይ ምንም ካልታየ ግን ከዕጢው መውሰድ ይሻላል። ቲ790ኤም ከተገኘ ኦሲመርቲኒብ የሚባል፣ በቀን አንዴ የሚዋጥ ኪኒን አለ። ዋጋው ከባድ ነው፤ ይህን አልደብቅዎትም።

የግንድ ሴሎቹን ብቻ ለይቶ የሚያጠፋ፣ ለሳንባ ካንሰር የተፈቀደ መድኃኒት ገና የለም። «ከሥሩ እነቅለዋለሁ» ብሎ መድኃኒት ለሚሸጥ ሰው ብር እንዳይሰጡ አደራ።

ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ትወስዳለች? ጌፊቲኒብ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋልና ለሐኪሟ ይንገሩ። የኪኒኑን ማሸጊያም ይዘው ይሂዱ። አክታዋም ለቲቢ ይመርመር፤ እኛ አገር ሳል ሁሉ ካንሰር አይደለም።

ጠበሉን ትጠመቅ፤ ኪኒኑን ግን በራሷ አታቁም። አንዳንዴ በድንገት ሲቆም ካንሰሩ ይፈጥናል። ትንፋሽ ካጠራት ወይም ካተኮሳት ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዷት፤ አልፎ አልፎ ኪኒኑ ራሱ ሳንባን ያስቆጣል። ኃይለኛ ራስ ምታት ከትውከት ጋር፣ ወይም የአንድ ጎን መዛል ካዩም ቀጠሮ አይጠብቁ።