ቢራቢሮዋና የበረሃዋ አይጥ

ልጆቼ፣ ባዮሎጂ ሳስተምር ነው ጸጉሬ የሸበተው። ተማሪዎቼ ከክፍል ስንወጣ ጠጋ ብለው ደጋግመው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «መምህር፣ ልሰደድ ወይስ እዚሁ ልሥራ?» ያኔ ደህና መልስ አልሰጠኋቸውም። ዛሬ ሰሃራን የሚያውቁ ሁለት ፍጥረታት ላሳያችሁ።

አንደኛዋ ቫኔሳ ካርዱይ የምትባል ቢራቢሮ ናት። ክብደቷ አንድ ግራም አይሞላም። ግን ከአውሮፓ ተነስታ ሰሃራን ታቋርጣለች። እ.ኤ.አ. በ2013 ጄራርድ ታላቬራ የተባለ ተመራማሪ እነዚህን ቢራቢሮዎች ደቡብ አሜሪካ፣ ፈረንሳይ ጉያና የባሕር ዳርቻ ላይ አገኛቸው። አሸዋው ላይ አርፈዋል፤ ክንፋቸው ተቦጫጭቋል። በኋላ እንደታወቀው፣ ከምዕራብ አፍሪካ አትላንቲክን 4,200 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጠው ነው የመጡት።

ይሄን ስነግራቸው ልጆች ይደነቃሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው። ተመራማሪዎቹ ሲያሰሉት፣ ነፋስ ባያግዛቸው ኖሮ የያዙት ስብ ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ አያስኬዳቸውም ነበር። ደግሞም ከአውሮፓ አፍሪካ ያለውን ደርሶ መልስ አንዲት ቢራቢሮ ብቻዋን አትጨርሰውም። ልጅና የልጅ ልጅ እየተቀባበሉት ነው።

ሁለተኛዋ ጀርቦዋ ናት፤ እዚያው ሰሃራ የምትኖር ትንሽ አይጥ። ጅራቷ ከሰውነቷ ይረዝማል። በኋላ እግሮቿ ትዘላለች፤ አሸዋው እንዳያሰምጣት መርገጫዋ ጸጉር አለው። ቀን ጉድጓዷ ገብታ በሩን በአፈር ትደፍናለች። ሙቀቱ አይገባም፣ እርጥበቱም አይወጣም። ማታ ወጥታ ዘርና ቅጠል ትለቅማለች። ውሃ ሳትጠጣ ትኖራለች፤ ከምትበላው ታገኘዋለች፣ ኩላሊቷም ጠብታ አያባክንም። የቀረ ሁሉ ሰነፍ ነው የሚል ሰው እሷን ቢያይ ደስ ይለኛል።

የምትቀሩ ልጆች፣ መቅረትም ሙያ ይፈልጋል፤ ጉድጓዳችሁን በደንብ ቆፍሩ። የምትሄዱ ደግሞ መጀመሪያ ስንቃችሁን ቁጠሩ። ቋንቋው አለ? ሙያው አለ? ሕጋዊው መንገድ ተሞክሯል? እዚያ የሚቀበል ሰው አለ? ደላላ ስለደረሱት እንጂ ስለ 780 ኪሎ ሜትሩ አያወራም።

በሱዳን አድርጎ ወደ ሊቢያ የወጣ ጎበዝ ተማሪ ነበረኝ። እናቱ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ዛሬም ይጠይቁኛል፦ «መምህር፣ ለእርስዎ ደውሎ ይሆን?»