ድካሜ የእርጅና ነው? «ሚቶኮንድሪያን የሚያድስ» እንክብልስ ልውሰድ?

ጥያቄ፦ የ61 ዓመት ጡረተኛ ነኝ። ለስኳር ሕመሜ ሜትፎርሚን መውሰድ ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ አጽዋማትንም አላጎድልም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል። አሜሪካ የምትኖረው ልጄ ሚቶኮንድሪያን ያድሳል፣ እርጅናንም ያዘገያል የተባለለት ኤንኤምኤን የሚሉትን እንክብል ላከችልኝ። ልውሰደው?

መልስ፦ እንክብሉን ያቆዩትና አስቀድመው ደምዎን ይመርመሩ። ድካምን ሁሉ «እርጅና ነው» ብሎ መተው ብዙ አረጋውያንን ሊታከም በሚችል ሕመም ሲያማቅቅ ይኖራል። ደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት ፍንጭ አይቻለሁ። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ሰውነት ቫይታሚን ቢ12ን ከምግብ የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። ይህ ቫይታሚን ደግሞ በሥጋ፣ በእንቁላልና በወተት እንጂ በሽሮና በምስር ወጥ አይገኝም። እግርዎን የሚያደነዝዝዎ ከሆነ ጥርጣሬዬ ይበረታል። ስለዚህ የቢ12፣ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ፣ የኩላሊትና የሦስት ወር የስኳር መጠን ምርመራ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ፤ ልብዎም ይታይ። ሜትፎርሚኑን ግን በራስዎ ውሳኔ እንዳያቋርጡ።

ወደ ሚቶኮንድሪያ ልመለስ። በሕዋሶቻችን ውስጥ ያሉት እነዚህ ጥቃቅን አካላት ከምግብ ያገኘነውን ስኳርና ስብ በምንተነፍሰው ኦክስጅን እያቃጠሉ ጡንቻ የሚሠራበትን ኃይል ያመርታሉ። ከእናት ብቻ የሚወረስ፣ 37 ጂኖች ያሉት የራሳቸው ዲኤንኤ አላቸው። ዕድሜ ሲገፋ በዚህ ዲኤንኤ ላይ ስሕተት ይጠራቀማል፤ የተበላሹትን አፍርሶ በአዲስ የመተካቱ ሥራም ይዳከማል። እ.ኤ.አ. በ2004 የስዊድን ተመራማሪዎች የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤያቸው በስሕተት እንዲገለበጥ የተደረጉ አይጦችን አሳዩ። አይጦቹ ገና በጎልማሳነታቸው ጠጉራቸው ሳሳ፣ ጀርባቸው ጎበጠ፣ ያለ ዕድሜያቸውም ሞቱ። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፦ በ2011 በካናዳ እንደነዚህ ያሉ አይጦች ለ5 ወራት በሳምንት ሦስት ቀን እንዲሮጡ ሲደረግ የሚቶኮንድሪያቸው ቁጥር ከፍ አለ፤ ያለጊዜው ማርጀታቸውም ተገታ። ሰው አይጥ አይደለም። ሆኖም አዘውትሮ የሚንቀሳቀስ ሰው በጡንቻው ውስጥ ያለው ሚቶኮንድሪያ እንደሚበዛ፣ የሚቀመጥ ሰው ደግሞ እንደሚቀንስበት በሚገባ ተረጋግጧል። በስድሳዎቹ ዕድሜ የምናየው መዳከም ትልቅ ክፍሉ ካለመንቀሳቀስ የመጣ ነው።

ኤንኤምኤን ሕዋስ ኃይል ለማምረት የሚጠቀምበትን ኤንኤዲ የተባለ ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል። የሰውን ዕድሜ ማርዘሙን ያሳየ ጥናት ግን የለም። የቫይታሚን ሲ እና ኢ ክኒኖችንም «ለጉልበት» ብለው አይጨምሩ። በ2009 በጀርመን በወጣት ወንዶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ስፖርት እየሠሩ እነዚህን የወሰዱት ስፖርቱ ለኢንሱሊን አሠራር የሚሰጠውን ጥቅም ሳያገኙ ቀርተዋል። ለስኳር ሕመምተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ምርመራው ደህና ከሆነ በቀን 10 ደቂቃ በእግር መሄድ ይጀምሩ፤ ቀስ እያሉ ሠላሳ ያድርሱት። ፍጥነቱ ማውራት የሚያስችልዎ፣ መዝፈን ግን የማያስችልዎ ይሁን። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ እጅዎን ሳይደገፉ ከወንበር ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ይነሡና ይቀመጡ። መጀመሪያ ሦስቱም ሊከብድዎ ይችላል፤ በሦስቱ ይጀምሩ። ልጅዎ አንድ ነገር ልላክ ካለችዎ እግርዎን የማይጫን የመራመጃ ጫማ ትላክልዎ። ከጉዞ ሲመለሱ የውስጥ እግርዎንና በጣቶችዎ መካከል ያለውን ቆዳ ይመልከቱ፤ የስኳር ሕመምተኛ ቁስሉን ላይሰማው ይችላልና። ሲራመዱ ደረትዎን የሚጨመድድ ሕመም፣ ወይም ሲተኙ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን እንቅስቃሴውን አቁመው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።