ደንገጎ ላይ ለሚሞቅ መኪና፦ ቴስታታው ከመፈታቱ በፊት የራዲያተሩ ክዳን ይለካ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲወጡ ደንገጎ ዳገት ላይ ሙቀቱ እንደሚያሻቅብ፣ ከተማ ውስጥ ግን መኪናው ደህና እንደሆነ፣ ከሥሩ ምንም ሳይንጠባጠብ ውሃ እንደሚጎድልና መካኒኩ «ቴስታታው ይፈታ» (የሞተሩ የላይኛው ክፍል ማለት ነው) እንዳለዎት የጠየቁት ወንድማችን፣ የእኔም ኮሮላ በዚሁ ምልክት ብዙ ገንዘብ አስወጥታኛለች። የእርስዎም ችግር ያው ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ እባክዎ ቴስታታውን ለማስፈታት አይቸኩሉ።

1. ሙቀቱ መቼ እንደሚመጣ ያስተውሉ። ከዚራ ሰፈር ቆመው የሚሞቅና መንዳት ሲጀምሩ የሚበርድ ቢሆን ኖሮ ፋኑን፣ ሪሌውንና ፊውዙን እንዲያስፈትሹ እነግርዎ ነበር። ዳገት ላይ ብቻ ሲሆን ግን በቅድሚያ የሚጠረጠሩት ግፊት የማይዝ ክዳን፣ ውስጡ የተደፈነ ራዲያተርና የደከመ የውሃ ፓምፕ ናቸው።

2. ሞተሩ አድሮ ሲበርድ የላይኛውን ማኒኮቶ (የራዲያተሩን የጎማ ቱቦ) እና በመጠባበቂያው ዕቃ ያለውን ውሃ ይመልከቱ። ማኒኮቶው ወደ ውስጥ ተሰርጉዶ ካገኙት፣ ወይም ራዲያተሩ ጎድሎ መጠባበቂያው ሞልቶ ካደረ፣ ክዳኑን ይጠርጥሩ፤ ምክንያቱም ክዳኑ ሲሞቅ ግፊት ከመያዙም በላይ፣ ሲበርድ ወደ መጠባበቂያው የወጣውን ውሃ ወደ ራዲያተሩ እንዲመለስ ያደርጋል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋው ሐረር ደግሞ 94 ዲግሪ አካባቢ። 0.9 (የግፊቱ ልክ በባር) የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ይህን የመፍያ ልክ በ20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ግፊት የማይዝ ክዳን ከሆነ ግን ዳገቱን በወጡ ቁጥር ውሃው ቀድሞ ይፈላል፣ በእንፋሎትም ይወጣል፤ ከሥር ሳይንጠባጠብ የሚጎድለውም በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

3. ቴርሞስታቱን (ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን ቫልቭ) ማንም እንዳያወጣብዎት። እኔ መኪናዬን ያስገባሁበት ጋራዥ ሳያስፈቅደኝ አውጥቶ ጣለውና «ለድሬ ሙቀት ቴርሞስታት አያስፈልግም» አለኝ። በብዙ ሞተሮች ላይ ግን ቴርሞስታቱ ሲከፈት በሌላ ጎኑ ውሃው በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን መንገድ ይዘጋል፤ እሱ ከሌለ ከሞቀው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ ይዞራል። ዳገት ላይ ብቻ ትሞቅ የነበረች መኪና ሳቢያን ሰፈር ሜዳ ላይ መሞቅ ጀመረች። ቀጥሎ ራዲያተሩ ነው ተብሎ ሌላ ገዛሁ፤ ለውጥ አልመጣም። በመጨረሻ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ነው አሉ። «በምን አረጋገጣችሁ?» ብዬ ስጠይቅ የጋራዡ ኃላፊ በሰው ፊት «መካኒኩ አንተ ነህ ወይስ እኔ?» አለኝ። ገንዘቡን የሚከፍል ሰው ለምን እንደሚከፍል መጠየቁ ድፍረት ተደርጎ መቆጠሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ፤ በዚያች ውሳኔዬም እኮራለሁ።

ከዚያ አንድ አረጋዊ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ገና ምንም ሳይፈቱ ክዳኑን በእጅ ፓምፕ ለኩት፤ 0.9 ከተጻፈበት ክዳን ግማሹን ግፊት እንኳ ሳይይዝ አፈሰሰ። ቀጥለው ሰማያዊውን መፈተሻ ፈሳሽ በራዲያተሩ አፍ ላይ አድርገው ሞተሩን አስነሱ፤ ጓርኒሲዮኑ ተበላሽቶ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው ቢገባ ኖሮ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጥ ነበር፣ እሱ ግን ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። አዲስ ክዳንና አዲስ ቴርሞስታት ገጠሙልኝ፤ ያንን ዳገት ዛሬ የሙቀት ጌጁ ከመሐል ሳያልፍ እወጣዋለሁ። እርስዎም እነዚህን ሁለት ፈተናዎች ስማቸውን ጠርተው ይጠይቁ፤ መሣሪያው የሌለው ጋራዥ ቴስታታ ለመፍታት የሚያበቃ ማስረጃም ላይኖረው ይችላል።

ለጋራዡ ፍትሐዊ ለመሆን፣ ያወጡት ራዲያተር ቱቦዎችም ውስጣቸው ነጭ ቅርፊት ይዞ ነበር፤ ቢያጥቡት ግን ይበቃ ነበር። የድሬዳዋ የቧንቧ ውሃ ኖራ እንዳለው የሻይ ማንቆርቆሪያው ሁሉ ይመሰክራል፤ ስለዚህ ኩላንትና ዲስቲልድ ውሃ እኩል ቀላቅለው ይሙሉ።

4. እስኪሠራልዎ ድረስ ዳገት መውጣት ግድ ከሆነብዎ ኤሲውን ያጥፉ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ይውጡ፤ ጌጁ ሲነሳ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ። ካልወረደ ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ፤ የላይኛው ማኒኮቶ በእጅ የሚያዝ እስኪሆን ክዳኑን አይንኩ፤ በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አያፍስሱ፣ ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሰማያዊው ፈሳሽ ወደ ቢጫ ከተለወጠ ወይም የሞተሩ ዘይት ነጥቶ ከተገኘ የመካኒክዎ ግምት ትክክል ሳይሆን አይቀርምና ይፈታ፤ ያኔም ቶርኖ ቤት (የብረት መላጊያና ማስተካከያ ቤት) ቴስታታው አለመጣመሙን ለክቶ ሳያረጋግጥ አዲሱ ጓርኒሲዮን እንዳይገጠም።