ጋዝ አስሞላሁ፣ ኤሲው ግን መልሶ ሞቃት ይነፋል

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የመኪናዬ ኤሲ ሞቃት አየር መንፋት ጀመረና ጋዝ አልቋል ተባልኩ። አስሞላሁ፣ እንደ አዲስ ቀዘቀዘ። ሁለት ወር ሳይሞላው ያው ሆነ። ደግሜ አስሞላሁ፣ አሁን ሦስት ሳምንት እንኳ አልቆየም። ጓደኛዬ ኮምፕሬሰሩ ሞቷል፣ ቀይረው ይለኛል። መካኒኩ ደግሞ አሁንም ጋዝ እንሙላ ባይ ነው። ማንን ልስማ? እኔ ራሴስ ማየት የምችለው ነገር አለ?

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም አይስሙ። የኤሲ ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። ያው አንድ ጋዝ ነው በዝግ መስመር ውስጥ ሲዞር የሚኖረው፤ ኮምፕሬሰሩ ይጨምቀዋል፣ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ውስጥ ሙቀቱን ጥሎ ፈሳሽ ይሆናል፣ ከክሩስኮቱ ጀርባ ያለው ኢቫፖሬተር ውስጥ ደግሞ ተመልሶ ሲተን የመኪናውን ውስጥ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በጎማ ቱቦዎቹና በጎሚኒዎቹ በኩል ጥቂት በጥቂት መቀነሱ አይቀርም፣ ግን ያ ዓመታት የሚፈጅ ነገር ነው። በሦስት ሳምንት የጠፋ ጋዝ የሚያስተነፍስበት ቦታ አለ። ያ ቦታ እስካልተገኘ ድረስ መሙላት ገንዘብ መበተን ነው።

ኮምፕሬሰሩ ሞቷል የሚለውን እኔ አልቀበለውም። ሁለቴም ሲሞላ ቀዝቅዟል ብለዋል አይደል? የሞተ ኮምፕሬሰር ጋዝ ስለገባለት አይነሳም። አንድ የምፈራው ነገር ግን አለ። የኮምፕሬሰሩ ዘይት የሚዞረው ከጋዙ ጋር ተደባልቆ ነው፤ ጋዙ ሲያንስ ዘይቱም በደንብ አይደርሰውም፣ ዛሬ ደህና የሆነው ኮምፕሬሰር በዚህ ምክንያት ነገ እውነትም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ እስኪሠራ ድረስ ኤሲውን አይክፈቱት።

እርስዎ ራስዎ ማየት የሚችሉት ጥሩ ምልክት ዘይት ነው። ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ይወጣል፣ ዘይቱ ላይ አቧራ ይለጠፋል። ሞተሩን አጥፍተው፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው፣ ኮፈኑን ይክፈቱና የኤሲውን ቱቦዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ በባትሪ ይከተሏቸው። ቱቦ ከቱቦ የሚገናኝበት ቦታ፣ ጋዝ የሚሞላበት ቫልቭ፣ የኮምፕሬሰሩ ፊት (ቺንጋው ያለበት በኩል)፣ የኮንደንሰሩ ገጽ። ሌላው ደረቅ ሆኖ አንድ ቦታ ብቻ ወዛም ጥቁር ቆሻሻ ከያዘ ቀዳዳው እዚያ መሆኑን ይጠርጥሩ። ኮንደንሰሩን በተለይ ረጋ ብለው ይዩት፣ ከፊት ስለሆነ የመንገድ ጠጠር የሚያገኘው እሱን ነው። የመሙያው ቫልቭ ክዳን ከሌለውም ልብ ይበሉ። ቫልቩ የሚያስተነፍስ ከሆነ የሚቀየረው ውስጡ ያለው ትንሽ ነገር ብቻ ነው፣ እንደ ጎማ ቫልቭ።

ምንም ካላዩ ጋራዡ ይፈልገው። ሙሉልኝ ሳይሆን ቀዳዳውን ፈልጉልኝ ብለው ይግቡ። ሁነኛ መንገዶች አሉ፦ መስመሩን በናይትሮጅን ሞልቶ በሳሙና አረፋ መፈተሽ፣ ወይም የሚያበራ ቀለም ጨምሮ ጥቂት ቀን ከነዱ በኋላ በአልትራቫዮሌት መብራት ማየት። ከውጭ ምንም ካልተገኘ ኢቫፖሬተሩ ነው የሚጠረጠረው፣ እሱ ሥራው ከባድ ነው፣ ብዙ መኪና ላይ ክሩስኮት ያስወርዳል። ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ የሚጨመር ፈሳሽ ካቀረቡልዎት እምቢ ይበሉ። ጠባብ መተላለፊያዎችን ሊዘጋ ይችላል፣ የጋዝ መሙያ ማሽኑንም ያበላሻል።

ከተጠገነ በኋላ ያለው ሥራ ላይ ነው ብዙዎች የሚቸኩሉት። መስመሩ ከተከፈተ እርጥበት የሚመጠው ድራየር ይቀየር። ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቫኪዩም ይደረግ፣ ማለትም በመስመሩ ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት በፓምፕ ይሳብ፣ ፓምፑ ከቆመ በኋላም የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ከቦታው መንቀሳቀስ የለበትም፤ ከተመለሰ አሁንም ያስተነፍሳል ማለት ነው። ጋዙ ደግሞ በሚዛን ይሞላ። ይህን አጥብቄ የምለው በጌጅ ብቻ የሚሞሉ ስላሉ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ አየሩ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን አር 134ኤ የሚባለው የኤሲ ጋዝ ጌጁ ላይ ወደ 80 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ያሳያል፣ ሙሉ ቢሆንም ግማሽ ቢሆንም። ጥቂት ፈሳሽ ጋዝ መስመሩ ውስጥ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ ነው። ትክክለኛው መጠን በግራም ተጽፎ ኮፈኑ ሥር ወይም እዚያው አካባቢ የተለጠፈ ወረቀት ላይ አለ። የጋዙ ዓይነትም እዚያው ተጽፏል፤ አዳዲስ መኪናዎች አር 1234ዋይኤፍ ስለሚጠቀሙ ሁለቱ እንዳይደባለቁ። ከመጠን በላይ መሙላትም ቅዝቃዜውን ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምረውም።

ራስዎ ቱቦ እፈታለሁ ግን አይበሉ። አር 134ኤ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው፣ ቆዳና ዓይን ላይ ካረፈ በቅዝቃዜ ያቃጥላል። ወደ አየር መልቀቁም ልክ አይደለም፣ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,300 ጊዜ በላይ ይብሳል። በመሣሪያ ተስቦ መውጣት አለበት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሲነዱ እየቀዘቀዘ ቆመው በሚኒሞ ላይ ሲሆኑ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ፣ ጋዙን ይተዉት። የኮንደንሰሩ ፋን መዞሩን ይዩ።