ሰርቨር ከማቆማችሁ በፊት ዶሜይኑ በማን ስም እንደሆነ እዩ

እህታችን ትናንት እንዲህ ብላ ጠይቃ ነበር፦ «የማኅበራችን ገጽ በተደጋጋሚ ታገደብን። ትንሽ የዎርድፕረስ ድረ ገጽ አለን። ማስቶዶን፣ ብሉስካይ፣ ኖስተር ከሚባሉት ማኅበራዊ ሚዲያዎች የቱ ይሻለናል? የራሳችንን ሰርቨር ብናቆምስ?»

እኔ ከጓደኞቼ ጋር ትንሽ የማስቶዶን ሰርቨር አስተዳድራለሁ። ሌሎቹንም ተጠቅሜባቸዋለሁ። መልሴ ረዘም ይላል፣ ቻሉኝ።

አፑን ለጊዜው ተዉት። ሰርቨሩ፣ ማለትም አካውንታችሁ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ የተዘጋ ቀን ይዛችሁ የምትወጡት ምንድን ነው? ስማችሁን? ተከታዮቻችሁን? የጻፋችሁትን? ሦስቱ በደንብ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ማስቶዶን አክቲቪቲፐብ በሚባል ፕሮቶኮል (ሰርቨሮች እርስ በርስ የሚግባቡበት ደንብ) ነው የሚሠራው። የድረ ገጽ መስፈርቶችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ ደብሊውስሪሲ፣ በ2018 በይፋ ያጸደቀው መስፈርት ነው። አድራሻው እንደ ኢሜይል ስምና ሰርቨር አለው። ስትለጥፉ ሰርቨራችሁ ተከታዮቻችሁ ወዳሉባቸው ሰርቨሮች ሁሉ ቅጂ ይልካል።

እኛ መጀመሪያ የነበርንበትን ሰርቨር ባለቤቱ ሰለቸውና ዘጋው። ደግነቱ ቀደም ብሎ አሳውቆን ነበር። ሌላ ቦታ አካውንት ከፈትን፤ እዚያ ሴቲንግ ውስጥ ገብተን የድሮውን አድራሻ አስገባን። ከዚያ ወደ ድሮው ተመልሰን ዝውውሩን አዘዝን። ተከታዮቻችን ምንም ሳይነኩ ቀስ በቀስ ወደ አዲሱ መጡ። እኛ የምንከተላቸውን ደግሞ በፋይል አውርደን ጫንን። የጻፍነው ግን እዚያው ቀረ። ለማስታወሻ ማውረድ ይቻላል፤ አዲሱ አካውንት ላይ መልሶ መጫን ግን የለም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ የድሮው ሰርቨር እየሠራ ሳለ ነው። ድንገት ድርግም ካለ ተከታይም የለም።

ስለዚህ ማስቶዶን ከገባችሁ በራሱ በማስቶዶን ድረ ገጽ ከተዘረዘሩት ሰርቨሮች ምረጡ። እዚያ ለመዘርዘር ከመዘጋት በፊት ቢያንስ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ለመስጠትና በየቀኑ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ለመያዝ ቃል መግባት ያስፈልጋል።

የራሳችሁን ማቆም? ይቻላል፣ ግን አልመክርም። ተጠቃሚው ጥቂት ቢሆንም ዲስኩ ይሞላል፤ የምትከተሏቸው ሰዎች የሚለጥፉት ፎቶና ቪዲዮ እናንተ ሰርቨር ላይም ይቀመጣልና። የቆየው በራሱ እንዲጠፋ ካላስተካከላችሁት አንድ ቀን ጠዋት ስትነሱ ሁሉም ነገር ቆሞ ታገኙታላችሁ። አፕዴት አለ፣ ስፓም አለ፣ ሰው ሰውን ሲሳደብ መዳኘት አለ። በየማኅበሩ «እሱ ኮምፒውተር ይችላል» የሚባል አንድ ልጅ አይጠፋም። ያ ልጅ ውጭ አገር የሄደ ዕለት ፓስዎርዱም አብሮት ይሄዳል።

ብሉስካይ የተመሠረተበት ኤቲ ፕሮቶኮል ስምን ከሰርቨር ለይቶታል። እያንዳንዱ አካውንት የማይቀየር መለያ ቁጥር አለው፤ ከላይ የሚታየው ስም የራሳችሁ ዶሜይን፣ ማለትም የድረ ገጻችሁ የአድራሻ ስም፣ ሊሆን ይችላል። ዲኤንኤስ በሚባለው የዶሜይኑ መዝገብ ውስጥ አንድ መስመር መጻፍ ነው፣ በቃ። ሰርቨር ብትቀይሩ ተከታዮቻችሁም ጽሑፋችሁም አብረው ይሄዳሉ። ቅር የሚለኝ ነገር ቢኖር፣ አብዛኛው ሰው አሁንም ያለው ኩባንያው ራሱ ባቆማቸው ሰርቨሮች ላይ መሆኑ ነው። በወረቀት ላይ የተበተነ፣ በተግባር ገና የተሰበሰበ ነው። ለአማርኛ ግን ይመቻል። ገደቡ 300 ፊደል ነው፤ እኛ በ300 ፊደል ከእንግሊዝኛው የበለጠ እንላለን።

ኖስተር ለማኅበር አይሆንም። በ2020 የተጀመረ ነው፣ አሠራሩም ቀላል ነው፦ አንድ የሚስጥር ቁልፍ አላችሁ፣ ጽሑፉን በሱ ትፈርማላችሁ፣ ሪሌይ ወደሚባሉ ሰርቨሮች ትልካላችሁ። ማንም አካውንታችሁን ሊዘጋው አይችልም። ግን «ፓስዎርድ ረሳሁ» የሚባል ነገር የለም። በአንድ አካውንት ብዙ ሆናችሁ የምትጽፉ ከሆነ ቁልፉን ሁላችሁም ልትይዙት ነው። አንዱ ተጣልቶ ቢወጣ ቁልፉን መቀየር አትችሉም። ለአንድ ሰው ግን ጎበዝ ነገር ነው።

ሁለት ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ። ማስቶዶን ላይ በግል የምትላላኩትን መልእክት የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ማንበብ ይችላል፤ ሚስጥር አታውሩበት። ሌላው፣ ኢንተርኔት ሲዘጋ የትኛውም አያድንም። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክና ቴሌግራም ሲታገዱ ያልታገደ ሰርቨር ላይ ያለ ሰው ይጠቀም ይሆናል። ኔትወርኩ ራሱ ከተቋረጠ ግን ፕሮቶኮል ምን ያደርጋል?

እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን ያለኝን ድረ ገጽ አጠነክራለሁ። ዎርድፕረስ የአክቲቪቲፐብ ፕለጊን (ድረ ገጹ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) አለው፣ ነፃ ነው። ስትጭኑት ድረ ገጹ ራሱ ከማስቶዶን የሚከተሉት አካውንት ይሆናል፤ ጽሑፉም ቤታችሁ ይቀራል። ብሉስካይ ላይ ደግሞ በዚያው ዶሜይን ስም ክፈቱ። ቴሌግራሙንና ፌስቡኩን አትዝጉ፣ ሕዝባችን ያለው እዚያ ነው። አማርኛ ተናጋሪ እነዚህ ሰፈሮች ውስጥ ገና ጥቂት ነው፣ አልዋሻችሁም።

ይህ ሁሉ ግን ዶሜይኑ ላይ የቆመ ነው። እኛ አገር አብዛኛውን ጊዜ የውጭ ካርድ ያለው ዘመድ ይገዛልናል፣ በእሱ ኢሜይል ይመዘገባል፣ ከዚያ ይረሳል። የዕድሳት ማስታወሻው ማንም በማይከፍተው ኢሜይል ይመጣል። መጨረሻው የአገር መለያ የሆነ (እንደ .et ያለ) ዶሜይንም ያገሩን ሕግ ይከተላል። በ2024 በአፍጋኒስታን ዶሜይን ላይ የነበረ አንድ የማስቶዶን ሰርቨር በታሊባን መንግሥት ዶሜይኑ ታግዶበት አድራሻውን አጥቷል።

እና እህቴ፣ የእናንተ ዶሜይን በማን ስምና ኢሜይል እንደተመዘገበ፣ መቼ እንደሚያልቅ አጣሪና እዚሁ ጻፊልኝ። ዲኤንኤሱን አብረን እናስገባዋለን።