ሲሊኮኑን ወደ ኪስህ መልሰው

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ሰላም ጋሼ። ጣና ላይ የምንሰራባት ስድስት ሜትር ገደማ የምትሆን የፋይበር ግላስ ጀልባ አለችን። አባቴ ነው የገዛት፤ አሮጌ ናት። ዋናው ሞተር ድንገት ቢቆም መጠባበቂያ የሚሆን 9.9 ፈረስ ጉልበት ያለው ትንሽ ሞተር አገኘን። እሱን የሚሸከም፣ ከፍ ዝቅ የሚል ብራኬትም አብሮ መጣ። ችግሩ የኋላው ግድግዳ ላይ ነው። ድሮ ሌላ መያዣ ታስሮበት ስለነበር አራት የቡሎን ቀዳዳዎችና ጥቂት የቪቴ ቀዳዳዎች ቀርተዋል። የአዲሱ ብራኬት ቀዳዳ ከነሱ ጋር አይገጥምም፤ አንዱ እንዲያውም ግማሽ በግማሽ ይደራረባል። ጓደኛዬ «ሲሊኮን ሙላበትና እሰር» ይለኛል። ጀልባዋን ከውሃ ስናወጣት ደግሞ ከአንዱ ቀዳዳ ቡናማ ውሃ ይንጠባጠባል። ምን ይሻላል? ወንድሜ ለገና ከአሜሪካ ስለሚመጣ የሚያመጣው ነገር ካለም ይንገሩኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከጥያቄህ ውስጥ ዋናው ነገር ሲሊኮኑም ብራኬቱም አይደለም። በመጨረሻ እንደ ቀላል ጣል ያደረግካት ቡናማ ውሃ ናት። ከሷ እንጀምር።

እንዳንተ ያሉ አሮጌ የፋይበር ጀልባዎች የኋላ ግድግዳቸው ውፍረቱ ሁሉ ፋይበር አይደለም። ከውጭ አንድ የፋይበር ቆዳ፣ ከውስጥ ሌላ፣ መሃል ላይ ደግሞ ኮምፔንሳቶ ነው። ሞተሩ ጀልባዋን ሙሉ በሙሉ የሚገፋው በዚያ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ስለሆነ እንጨቱ ደረቅና ጠንካራ መሆን አለበት። ቀዳዳ ስትበሳ ግን የእንጨቱ ጥሬ ጠርዝ ይጋለጣል፤ ያሰረው ሰው በደንብ ካልደፈነው ውሃ ቀስ እያለ ይገባል፣ እንጨቱ ይጠጣል፣ ይበሰብሳል። ከውጭ ሲታይ ቀለሙ ያብረቀርቃል። ቡናማው ውሃ የእንጨቱ ጭማቂ ነው።

ስለዚህ ከመድፈንህ በፊት መርምር። የመዶሻ እጀታ ይዘህ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያልክ አንኳኳ። ጤነኛው ቦታ ጠንከር ያለ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ድፍን ብሎ ይቀራል። ከዚያ ዋናውን ሞተር ወደ ላይ አንሳውና ታችኛውን እግሩን በሁለት እጅህ ወደ ታች እየተጫንክ ሌላ ሰው ግድግዳውን ይይልህ። ከተላወሰ መልሱን አግኝተሃል። ሮንዴላዎቹ ፋይበሩ ውስጥ ሰምጠው ከሆነም ምልክት ነው። የመጨረሻው ማረጋገጫ ከውስጥ በኩል፣ አጠራጣሪው ቦታ ላይ በቀጭን ፑንታ መብሳት ነው። ፋይበሩን አልፈህ እንጨቱ ጋ ስትደርስ የሚወጣውን ፍቅፋቂ በጣትህ እሸው። ነጣ ያለና ደረቅ ከሆነ እሰየው። ጥቁር፣ እርጥብ፣ የሚሸት ከሆነ እዚያ ጋ ቁም።

ብስባሴው ሰፊ ከሆነ ቀዳዳ መድፈን ቀለም መቀባት ማለት ነው። የውስጡ ቆዳ ተቆርጦ፣ የበሰበሰው እንጨት ወጥቶ፣ አዲስ ገብቶ እንደገና በፋይበር መሸፈን አለበት። ይሄ የባለሙያ ስራ ነው፣ ገንዘቡም ይከብዳል፤ ግን ሰው ጭናችሁ ወደ ዘጌ የምትሄዱ ከሆነ ድርድር የለውም። እርጥበቱ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ብቻ ከሆነ ግን ራስህ ትወጣዋለህ።

አሁን ወደ ሲሊኮኑ። ለመታጠቢያ ቤት ጥሩ ነው። ለዚህ ስራ ሁለት ጥፋት አለበት። አንደኛ እንጨቱን አያጠነክርም፣ ቀዳዳው ቀዳዳ እንደሆነ ይቆያል። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ከተላጠ በኋላ እንኳ ቅባት ነገር ጥሎ ስለሚሄድ ኢፖክሲም (ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚደርቅ ጠንካራ ሬዚን) ቀለምም አይይዝበትም። ከዚህ በፊት ሰው ሞልቶበት ከሆነ በቢላ ፍቀህ አውጣውና ቀዳዳውን በሚበልጥ ፑንታ አስፍተህ ንጹሕ ገጽ አግኝ። የመኪና ስቱኮም አይሆንም። እርጥበት ይስባል፣ ቆይቶ ይፈነቀላል።

የሚያስፈልግህ ኢፖክሲ ነው። ጀልባዋ የተሰራችበት ፖሊስተር ሬዚን ርካሽ ነው፣ በቀላሉም ይገኛል፤ ግን በደረቀ አሮጌ ፋይበርና በእንጨት ላይ የሚይዘው እንደ ኢፖክሲ አይደለም።

ከሁሉ በፊት ማድረቅ። ጀልባዋን የብስ ላይ አውጣት፣ አፍንጫዋን ከፍ አድርገህ ውሃው ወደ ኋላ እንዲወርድ ተዋት፣ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ክፍት አድርግ። ለዚህ ከጥር እስከ መጋቢት ያለውን ደረቅ ወር የመሰለ የለም፤ ክረምት ላይ አትሞክረው። ለስላሳ የሆነውን እንጨት በተቆለመመ ሽቦ እየጎረጎርክ አውጣ። ችኮላ ካለብህ የፀጉር ማድረቂያ ያግዛል፣ ግን ሳምንታት ሊወስድ እንደሚችል ከወዲሁ እወቅ። እርጥብ እንጨት ላይ ኢፖክሲ ማፍሰስ ውሃውን ውስጥ መቆለፍ ነው።

ሲደርቅ እያንዳንዱን ቀዳዳ በጥቂት ሚሊሜትር አስፋ፣ የሁለቱንም ገጽ ጠርዝ ወደ ውስጥ ሞረድ አድርግ፣ በአሴቶን ጥረግ። አንዱን ጎን በፕላስተር ዝጋ። መጀመሪያ ከማጠንከሪያው በቀር ምንም ያልተቀላቀለበትን ቀጭን ኢፖክሲ በትንሽ ብሩሽ ውስጡን ቀባ፤ እንጨቱ ይጠጣው፣ ደጋግመህ ቀባ። ገና ሳይደርቅ፣ በሲሊካ ዱቄት አወፍረህ ከማንኪያ የማይንጠባጠብ ያደረግከውን ሙላበት። ጥልቅ ከሆነ ባንዴ አትሙላ። ኢፖክሲ ሲጠነክር ይሞቃል፣ ብዙ ሲሆን ይፈላል፣ ይሰነጠቃል፣ ሊጨስም ይችላል። በባሕር ዳር የቀትር ሙቀት ደግሞ ይብሳል፤ ጠዋት ስራ። ማጠንከሪያውን «ቶሎ እንዲደርቅ» ብሎ መጨመር የፖሊስተር ልማድ ነው። በኢፖክሲ ጣሳው ላይ ከተጻፈው ልኬት ወጣህ ማለት ለዘላለም የሚጣበቅ ለስላሳ ነገር ሰራህ ማለት ነው። አራቱን የቡሎን ቀዳዳዎች በሁለቱም ገጽ በሁለት በሦስት ንብርብር የፋይበር ጨርቅ ሸፍናቸው። የቪቴዎቹ መሞላት ይበቃቸዋል። ጓንት አድርግ፤ ስትሞርድ ደግሞ አፍንጫህን ሸፍን።

ብራኬቱን ስታስር ያው ስህተት እንዳይደገም የምትሰራው አንድ ዘዴ አለ። አዲሱን ቀዳዳ ከቡሎኑ ሰፋ አድርገህ ብሳ፣ በወፈረው ኢፖክሲ ሙላ፣ ሲጠነክር መሃሉን በቡሎኑ ልክ እንደገና ብሳ። እንዲህ ሲሆን ቡሎኑ የሚያልፈው በኢፖክሲ ቱቦ ውስጥ ነው። ነገ ማሸጊያው ቢያረጅ እንኳ ውሃው እንጨቱን አያገኘውም። ለነገሩ ዋናው ሞተርህ የታሰረበትንም ቡሎን አንድ ቀን እንዲህ ብታደርገው አይጎዳህም። የሚደራረበውን ቀዳዳ በተመለከተ፣ ብራኬቱን ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ማንቀሳቀስ የሚቻል ከሆነ አንቀሳቅሰው። ካልተቻለ የድሮው ተሞልቶ ሙሉ በሙሉ ከጠነከረ በኋላ ብሳው፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ ከሮንዴላ ይልቅ አራቱንም ቡሎን የሚይዝ ወፍራም የአሉሚኒየም ሳህን አድርግ።

ማሸጊያው ለጀልባ የተሰራ ፖሊዩሪቴን ይሁን። በቀዳዳው ውስጥ፣ በብራኬቱ ጀርባና በቡሎኑ አንገት ዙሪያ ቀባ። ስታጠብቅ ዳዶውን አዙር፣ የቡሎኑን ራስ ዝም ብለህ ያዝ። ራሱን ካዞርከው ማሸጊያው ይቀደዳል።

ቁመቱን ሳትለካ አትብሳ። ትንሹ ሞተር ወርዶ ሲቆም ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ማለት አለባት። አጭር እግር ያለው ሞተር 38 ሳንቲሜትር ከፍታ ላለው ግድግዳ ነው፣ ረጅሙ ለ51። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ጀልባዋ ትዘላለች፣ ዳር ላይ የተንጠለጠለ አጭር ሞተር ደግሞ አየር ይቀዝፋል። ብራኬቱ ላይ የተጻፈውንም ክብደት እይ። ባለ አራት ምት 9.9 ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል፣ አንዳንዱም ያልፋል፤ ለድሮዎቹ ቀላል ባለ ሁለት ምት የተሰራ ብራኬት ላይችለው ይችላል። ዋናው ሞተር ሲዞርም ሲነሳም እንዳይነካው ቦታውን ፈትሽ። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ 9.9 የተባለውን እንደ 8 ቁጠረው። ለመጠባበቂያ ይበቃል፣ እምቦጭ ውስጥ ካልገባህ በስተቀር።

ወንድምህ የስቴንለስ ቡሎን፣ ዳዶና ትልልቅ ሮንዴላ ያምጣ፤ 316 የሚባለውን የስቴንለስ ዓይነት ካገኘ ጥሩ። አሴቶንና የፖሊስተር ማጠንከሪያ ግን አውሮፕላን ላይ ክልክል ናቸው። የኢፖክሲ ማጠንከሪያም ብዙው ቆዳ የሚያቃጥል ኬሚካል ስለሆነ አየር መንገዱን ሳይጠይቅ ሻንጣ ውስጥ እንዳይከት። የሲሊካ ዱቄቱ ክልክል አይደለም፤ ያለ ስም በላስቲክ የተቋጠረ ነጭ ዱቄት ይዞ ጉምሩክ ፊት መቆም ግን የራሱ ጣጣ አለው። ስሙ ከተጻፈበት ዕቃው ሳያወጣ ያምጣው።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ አሮጌ የአሳ ማጥመጃ ጀልባ ገዛሁ። ከኋላ ግድግዳው፣ ከውሃው መስመር በታች፣ የድሮ ጥልቀት መለኪያ የታሰረባቸው የቪቴ ቀዳዳዎች አሉ። 3ኤም 5200 የሚባለውን የጀልባ ማጣበቂያ ብሞላባቸው አይበቃም? ጄልኮት የሚባለው የሚያብረቀርቅ የውጭ ሽፋንስ ከላይ ይቀባል?

መልስ፦ 5200 ውሃውን ያቆመዋል፣ ለጊዜው። ግን እሱ ማጣበቂያና ማሸጊያ እንጂ መሙያ አይደለም፤ እንጨቱ ካለፈው ዓመት ጀምሮ እየጠጣ ከሆነም ከውስጥ ዘግተህበት ቁጭ ነው። አንተ ጋ ደግሞ ባሕር ዳር የሌለ ችግር አለ፦ በብርዱ ወራት ውስጥ የገባው ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፣ ፋይበሩን ከእንጨቱ ያላቅቀዋል። ስለዚህ ከላይ እንዳልኩት አድርቅና በኢፖክሲ ሙላ። ጄልኮት ፖሊስተር ስለሆነ ኢፖክሲ ላይ አስቸጋሪ ነው። መቀባት ካለብህ ኢፖክሲው ሲጠነክር ላዩ ላይ የሚወጣውን ሰም መሳይ ነገር በውሃና በሻካራ ስፖንጅ እጠብ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍግ። ማጠቡ ይቅደም፤ አለዚያ ሰሙን ወደ ውስጥ ታሸዋለህ። ለትንንሽ ቀዳዳ እኔ ብሆን ባለ ሁለት ጣሳ የጀልባ ቀለም ቀብቼ እተወዋለሁ።

አዲስ መለኪያ የምትገጥም ከሆነ በቀጥታ ግድግዳው ላይ አትበሳ። ወፍራም የፕላስቲክ ሰሌዳ በማጣበቂያ ለጥፍና መለኪያውን እሱ ላይ እሰር። ቦታ መቀየር ሲያምርህ ሰሌዳውን ትበሳለህ።