ራት በቀረበ ቁጥር ጭቅጭቅ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ14 ዓመት ልጄ ሽሮና ወጥ ሲቀርብ ፊቷን ታዞራለች። ፓስታ፣ እንቁላልና ቺፕስ ብቻ ነው የምትፈልገው። አባቷ «እኛ ያደግነው ይሄን በልተን ነው» ብሎ ይቆጣል፤ እሷ እያለቀሰች ትነሳለች። እኔ ማታ ደብቄ ፓስታ እቀቅልላታለሁ። የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ ልግዛላት? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሽሮፑ ይቅርብዎት። ፓስታ ሲመጣ የምትበላ ልጅ የምግብ ፍላጎት አላጣችም። ለዚህ ተብለው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ደግሞ እንቅልፍ ያመጣሉ። ክፍል ውስጥ ስታንቀላፋ ሌላ ጭቅጭቅ ሊጨመር ነው።

በዚህ ዕድሜ ልጅ በራሷ መወሰን ትፈልጋለች። ስልኳንና መውጫ መግቢያዋን እናንተ ትቆጣጠራላችሁ፤ አፏን ግን ማንም በግድ አይከፍትም። ስለዚህ ሥራውን ተካፈሉ። ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ እናንተ ወስኑ፤ ምን ያህል እንደምትበላ ለሷ ተዉላት። ማዕዱ ላይ የምትወደው አንድ ነገር አይጥፋ፤ ቅቅል እንቁላል ወይም ድንችም ቢሆን። የማታው ፓስታ ግን ይቁም። ሁለተኛ ራት እንዳለ ካወቀች የመጀመሪያውን ለምን ትነካለች?

አንድ ትሪ ላይ ስትበሉ የሁሉም ዓይን እጇ ላይ ነው። ለጊዜው በራሷ ሳህን ትብላ። «አንዴ ብቻ» እየተባለ በግድ የሚሰጣት ጉርሻም ይቅር። አባቷ ደግሞ ራት ላይ ስለ ኳስ ያውራ፤ ስለ ሳህኗ አያንሳ።

እኔን የሚያሳስበኝ ደም ለመሥራት የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር፣ ብረት (አይረን) ነው። በዚህ ዕድሜ ያለች ሴት ልጅ በቀን 15 ሚሊግራም ገደማ ያስፈልጋታል፤ የወር አበባ ካየች በኋላ በየወሩ ደም ይፈሳታላ። ምስር፣ ሽንብራና ጤፍ ብረት አላቸው። ምስሩን በወጥ እምቢ ካለች በሳምቡሳ ይሞክሩት፤ በወጥ የጠላችውን በሳምቡሳ የምትበላ ልጅ ብዙ ናት። ከጎኑ ቲማቲም በሎሚ ቢኖር ሰውነቷ ብረቱን በደንብ ይወስዳል። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ግን ያግደዋል፤ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ።

ክብደቷ ከቀነሰ፣ የወር አበባዋ ከቀረ፣ ራሷን ካዞራት፣ ከምግብ በኋላ ሽንት ቤት ገብታ የምትቆይ ከሆነ፣ ወይም ከቤተሰቡ ተለይታ «ጾም ነው» ማለት ካበዛች ግን ነገሩ ከምርጫ አልፏል። ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይውሰዷት። እዚያም ጥቂት ደቂቃ ለብቻዋ ከሐኪሙ ጋር እንድታወራ እርስዎ ውጭ ይጠብቁ።